ጽዋ ማኅበር በሰሜን ሸዋ፦ ጎራ በለየ ዘመን ምን ያህል ያገለግላል?

የጽዋ ማኅበርን እንደ ምግብ ቤት ኮከብ እየሰጡ መገምገም ለአንዳንዱ ድፍረት ይመስለው ይሆናል። ግን ማኅበር ገንዘብ ይወጣበታል፣ ቀን ይወስዳል፣ ደንብ አለው፤ ደንቡ ሲጠበቅ ይሠራል፣ ሲላላ ይበላሻል። «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «በረከት ነው፣ ግባ» ብሎ ማለፍ እሱን መርዳት አይደለም፤ ይልቁንም አሁን፣ የአንድ እናት ልጆች አንዱን ዜና ሰምተው በየፊናቸው በሚኮራረፉበት ጊዜ። እዚህ የሚመዘነው በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በቡልጋና በሸንኮራ በኩል የተለመደው ወርኃዊ የጽዋ ማኅበር ነው። መለኪያው አንድ ነው፦ በፖለቲካ የማይስማሙ ክርስቲያኖችን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ ለሚቀጥለው ወር ያደርሳቸዋል ወይ?

ውጤቱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ከ5 4። ሰንበቴ 3 ተኩል፣ የቴሌግራም ቡድን 1። ዕድር የራሱ ሚዛን ስላለው ነጥብ አልተሰጠውም። ጽዋው አንዷን ነጥብ የት እንደጣላት ወደ ታች ይመጣል፤ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ምን ይገኝበታል?

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ወይም በአንድ በዓል ስም በወር አንድ ቀን የሚሰበሰቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 የሆኑ ሰዎች ናቸው። መሠረቱ በስሙ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም የሚለው የወንጌል ቃል ነው (ማቴ. 10፥42)። ቁጥሩ ሐዋርያትን ያስባል፤ በሥራ ላይ ግን ጥቅሙ ከወራቱ ጋር መግጠሙ ነው። 12 አባል ያለው ማኅበር እያንዳንዱን ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያስደግሳል፣ ጳጉሜን ማረፊያ ትሆናለች። ቁጥሩ 16 እና 18 ሲደርስ ሁለት ሁለት እየሆኑ መደገስ ይመጣል፤ ያኔ «ከማን ጋር ልጣመር?» የሚል ምርጫ ይወለዳል። የምርጫው ውጤት ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሰው ከሚመስለው ጋር ይጣመራል፣ ማኅበሩም ሳይታወቀው ሁለት ይሆናል።

የአገልግሎቱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በተራ የሚዞር ማኅበር ማን ቤት እንደምትገባ አያስመርጥህም። አስተያየቱን መስማት የማትፈልገው ሰው ተራው ኅዳር ላይ ከሆነ ኅዳር ላይ እሱ ቤት ትገባለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ሚስቱ ያቀረበችውን ትበላለህ፣ ልጆቹን ትስማለህ። በሌላው ወር እሱ አንተ ቤት ይመጣል። ሁለታችሁም ይህን በፈቃዳችሁ አታደርጉትም ነበር፤ ቀኑ ያደርገዋል።

ቀኑ ደግሞ አይነቃነቅም። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የቡልጋ ተወላጅ ናቸውና ለዚህ አገር ሰው 24ም የቤቱ ቀን ነው። «በሚመቸን ቅዳሜ እናድርገው» ያለ የከተማ ማኅበር ዕድሜው አጭር ነው፤ መመቸት ድርድር ይጠይቃል፣ የተኳረፈ ሰው ደግሞ የሚደራደረው ላለመምጣት ነው።

ይህ አገር ለመከፋፈል እንግዳ አይደለም

ሸዋ ሃይማኖትና ቤተ መንግሥት የተጠላለፉበትን ጠብ ጠንቅቆ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን በአንኮበር ቤተ መንግሥትና በደብረ ሊባኖስ ገዳም ዙሪያ ክርስቶስ «ሦስት ልደት» አለው የሚሉትና የተዋሕዶ ወገኖች ሲከራከሩ፣ ከትምህርቱ ጋር ማን ይሾም ማን ይሻር የሚለው አብሮ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በመጋቢት፣ ከደብረ ብርሃን ቅርብ በሆነችው ልቼ፣ ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ገቡ፤ በግንቦት ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖቱን ክርክር በፍርድ ዘጋው። ፖለቲካውም ሃይማኖቱም በአንድ ዓመት፣ በሁለት ወር ልዩነት ተቆረጠ ማለት ነው።

የቅርቡም አለ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሁለት ሲኖዶስ የተከፈለችው ቤተ ክርስቲያን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ታረቀች፣ አቡነ መርቆሬዎስም ከስደት ተመለሱ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ በተደረገው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ሌላ ስንጥቅ መጣ፤ በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ታወጀ፣ የካቲት 8 ቀንም ስምምነት ተፈረመ። እነዚህ ሁሉ ከላይ፣ በመሪዎቹ ዘንድ፣ በፍርድና በፊርማ የተዘጉ ናቸው። ጥቁር የለበሰውና ያልለበሰው ጎረቤታሞች ከአንድ ጽዋ ይጠጡ እንደሆነ ግን በፊርማ አይወሰንም፤ ያ የሚታየው በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ነው።

ድግሱ፦ ልክ፣ ጠላና ጾም

ለ12 አባል ካህኑን፣ ዲያቆኑን፣ የቤቱን ሰውና ጥቂት እንግዳ ጨምሮ ለ25 ሰው መገመት ነው። ከየሦስት ሦስት ኪሎ ዱቄት የተጋገሩ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ 50 ሊትር ገደማ ጠላ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ወጥ፣ ቆሎ። ከዚህ በላይ የሚደገሰው ለታይታ ነው።

ጠላው በደብረ ብርሃን ብርድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ጥንስሱ ቶሎ አይነሳም፤ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ በሳምንት የሚደርሰው እዚህ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይገርምም። ብዙ ቤት የሚሠራበት መጠን በግምት 1 እጅ ጌሾ፣ 2 እጅ ብቅል፣ 6 እጅ እህል ነው፤ እህሉ በዚህ ደጋ ገብስ ነው፣ ተቆልቶ አሻሮ ይሆንና እንኩሮ ይገባል። እንስራው በወይራ ካልታጠነ ወይም ክዳኑ በደንብ ካልተመረገ ይኮመጥጣል። ጌሾው ሲበዛ ደግሞ ይመራል፤ መራራ ጠላ ማንንም አያጣላም፣ ጠንካራ ጠላ ግን ያጣላል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ማኅበር ላይ የሚነሳው የፖለቲካ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው። ልምድ ያላት ባለተራ መጀመሪያ ዋናውን ጠላ ታዞራለች፣ ከምግብ በኋላ ቅራሪውን። ለወጣቶችና መኪና ለሚነዱ ቀሪቦ ታዘጋጃለች። ፊልተር ለሠርግ ይቆይ። የደብረ ብርሃን አረቄ ዝናው የታወቀ ነው፤ በማኅበር ቤት ጠርሙሱ ከወጣ ግን ነጥብ ይቀነሳል፣ ሙሴውም ዝም ማለት የለበትም። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው። ከሹመቱ ሸክሙ ይበልጣል።)

የጾም ነገር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በ12 የሚጠጣ የሚካኤል ማኅበር ታኅሣሥ ላይ በጾመ ነቢያት፣ መጋቢት ላይ በዐቢይ ጾም፣ ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ሁልጊዜ ጾም ያገኘዋል፤ በየካቲትና በሚያዝያ ዐቢይ ጾም፣ በሰኔ ጾመ ሐዋርያት እንደ ዓመቱ ሊያገኘው ይችላል፤ በቀሩት ወራት ረቡዕና ዓርብን ማየት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ ማኅበሩ ከ9 ሰዓት በኋላ ይጀምራል። ሰዓት እላፊ ባለበት ወር ይህ ራስ ያሳምማል፤ ሰው ለመሄድ ይቸኩላል፣ ንባቡ ይቆረጣል። መፍትሔው ምግቡን ማሳጠር ነው፤ ሽሮና ዳቦ ብቻ ይቅረብ፣ ጸሎቱ አይነካ። ብዙ ቤት ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ድርሳኑን በግማሽ አቁሞ አምስት ዓይነት የጾም ወጥ ያቀርባል።

ስለ ፉክክር ጥቂት። አንዱ በግ ሲያርድ ሌላው ሁለት ያርዳል፣ አቅም የሌለው በሦስተኛው ዓመት «አሞኛል» ማለት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚወጡት ድሆቹ ናቸው፤ እነሱ ሲወጡ የሚቀረው አንድ ዓይነት ኑሮ ያለው ሰው ነው፣ አንድ ዓይነት ኑሮ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ወሬ ያወራል። ስለዚህ የድግስ ልክ በደንብ መጻፍ ከኢኮኖሚው ባለፈ የአንድነት ጉዳይ ነው። ልኩን ያለፈ ባለተራ መቀጮ የሚከፍልበት ማኅበር ካገኙ አይልቀቁት።

ከበር እስከ ርክክብ

በደንብ የሚሄድ ማኅበር ቅደም ተከተሉን አያፈርስም። ካህኑ ይገባሉ፣ ጸሎት ይደረሳል። የሚካኤል ከሆነ የወሩ ድርሳን፣ የማርያም ከሆነ ተአምሯ ይነበባል፣ መልክእ ይደገማል። አቡነ ዘበሰማያት ተብሎ ዳቦው ይባረካል፣ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይቀመሳል። መብሉ ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ከቁራሽ ጋር ተረክቦ ይሄዳል።

ወሬ የሚፈቀደው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ብቻ ይሁን። ዜና ቋጥሮ የገባ ሰው ይህን ሁሉ ቆሞ ከጸለየ፣ ከካህኑ እጅ ቁራሽ ከተቀበለ በኋላ ያንኑ ዜና በዚያው ድምፅ አያወራውም። ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ደንቡ በፈረሰበት ቤት፣ ሰው ገና ካህኑን እየጠበቀ ስልክ እየተቀባበለ ቪዲዮ ሲያይ፣ ጸሎቱ የሚጀመረው ክፍሉ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ነው። ስልክ በር ላይ ይጥፋ።

አጀማመሩ ላይ ካህኑ ብዙ ይወስናሉ። ንባቡን አንብበው፣ የዕለቱን ወንጌል በአጭሩ አብራርተው ቢያበቁ ይበቃል። ስብከቱ ወደ ወቅታዊ ሁኔታ ሲዞር፣ የቱንም ወገን ቢደግፉ፣ ግማሹ ሰው የንስሐ አባቱን ያጣል። ይህ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ነው፤ ሰው የፖለቲካ ንግግር ሌላ ቦታ ሞልቶለታል፣ ንስሐ የሚገባበት ሰው ግን አንድ ነው።

ጸሎቱም ሊበላሽ ይችላል። አገር ሲጨነቅ ማኅበርተኛው ምሕላ ያዝ ይላል፣ እግዚኦታው 41 ጊዜ ይደረሳል፣ ደግ ነው። ችግሩ አንዱ ተነሥቶ በራሱ ቃል «እነ እገሌን አጥፋልን፣ እነ እገሌን አበርታልን» ሲል ነው። አሜን ያለ ፈረመ፣ ዝም ያለ ተቃወመ ይባላል፤ ጸሎቱ የድምፅ ቆጠራ ሆኖ ያርፋል። የቤተ ክርስቲያኒቱን ቃል መያዝ ከዚህ ያድናል። ቅዳሴው ስለ ሰላም፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ ሙታን ይለምናል። ከዚህ የሚወጣ ክርስቲያናዊ ልመና ማግኘት ይከብዳል።

የሙታን ስም ከሁሉ ይረቅቃል። የአንዱ ማኅበርተኛ ልጅ መለዮ ለብሶ፣ የሌላው ልጅ ጫካ ገብቶ ሊሞት ይችላል፤ ሁለቱም አባቶች በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሥርዓቱ ራሱ መውጫ አለው። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፦ ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም። ማዕረግ አይጠራም፣ የሞተበት ምክንያት አይጠራም፣ «ጀግናው» ወይም «ሰማዕቱ» አይባልም። ሙሴው ስሞቹን አስቀድሞ በወረቀት ሰብስቦ ለካህኑ ይስጥ፣ በቃል መጥራት አይፈቀድ። አንድ ቅጽል ብቻ ካመለጠ ሌላኛው አባት በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

የት ላይ ይሰበራል?

ገንዘብ አንደኛው ነው። የማኅበሩ ሳጥን ሦስት በር ብቻ ይኑረው፦ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ፤ ለታመመ ወይም ሐዘን ለደረሰበት አባል፤ ለነዳያን። ለተፈናቀሉ ሰዎች መስጠት ከሦስተኛው ይገባል፣ ነገር ግን እህልና ልብስ ሆኖ፣ በደብሩ ሰበካ ጉባኤ በኩል፣ ደረሰኝ ተይዞ ይሂድ። ስሙ ባልታወቀ ሒሳብ «ለወገን ድጋፍ» ተብሎ የተላከ አንድ መዋጮ ማኅበርን ለመክፈል ይበቃል፤ ቀጥሎም አባላቱን በሕግ ያስጠይቃል።

እንግዳ ሁለተኛው። ባለተራ ሹም ወዳጁን ሲጠራ፣ ወይም የሌላው ጎራ ታዋቂ ሰው ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ አንደበቱን ይጠብቃል፣ ማኅበሩ ስብሰባ ይመስላል። እንግዳ ይከልከል ማለት አይደለም። በስሙ ይጠራ፣ በዕድሜው ይቀመጥ፣ ንግግር አይስጥ። መንገደኛና ነዳይ ግን ሳይጠሩም ይግቡ፤ ማኅበሩ ለእነሱ ካልሆነ ለማን ነው?

ጭቅጭቅ ሲጀመር ሙሴው የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ጋሼ፣ እሱን ለገበያ ቀን ያቆዩልን»፣ «እትዬ፣ እስቲ ዳቦውን ያዙሩልን»። ቀጥሎም ሰውየውን ለብቻው ውጭ ማነጋገር። በሰው ፊት ተግሣጽ የደረሰበት ሽማግሌ ጥፋቱን ቢያምንም እንኳ አይመለስም።

መንገድ ሲዘጋስ? የገጠር አባል ከተማ መግባት ሲያቅተው ወሩን መዝለል ልማድ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ወር የዘለለ ማኅበር ደግሞ ለመነሳት ይቸገራል። የሚሻለው ተራ መለዋወጥ ነው፤ ከተማ ያለው አባል የገጠሩን ወር ይውሰድ፣ ገጠሩ በሰላሙ ወር ይክፈል። ድግስ ከጠፋም ዳቦና ውኃ ይበቃል፤ የወንጌሉ ቃል ራሱ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለው።

አሁን ወደ ጎደለችው ነጥብ።

የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም የሚለው ደንብ የማኅበሩ የጀርባ አጥንት ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ከሚለው ቃል የመጣ ነው (ማቴ. 5፥23–24)። አሠራሩም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ተበዳይ ለብቻው በዳይን ያነጋግራል፤ ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨመራል፤ ካልሆነ በማኅበሩና በንስሐ አባቱ ፊት ይቀርባል (ማቴ. 18፥15–17)። በዚህ ዘመን የሚላኩትን ሁለት ሰዎች ከሁለቱም አመለካከት መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሽማግሌ ሳይሆን መልእክተኛ ይመስላሉ። ሦስቱ ደረጃ ሳያልፍ የማንም ስም ከመዝገብ አይፋቅ።

ብዙ ማኅበር የሚወድቀው የአስተያየት ልዩነትንና በደልን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። ስለ መንግሥት፣ ስለ ታጣቂ፣ ስለ ክልል፣ ስለ ሕገ መንግሥት የተለየ ሐሳብ መያዝ የሚታረቁበት ጠብ አይደለም፤ ተሸክመውት የሚበሉበት ልዩነት ነው። ጎረቤቱን በሐሰት ጠቁሞ ያሳሰረ፣ ወይም ግርግሩን ተጠቅሞ የጎረቤቱን ከብት የነዳ፣ ወይም አስፈራርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን የፖለቲካ ልዩነት የለውም፣ በደል አለበት። ለዚህ ቅደም ተከተሉ ንስሐ፣ ካሳ፣ ከዚያ እርቅ ነው። ሙሴው ግን በዓሉ እንዳይበላሽ፣ ወይም በዳዩን ፈርቶ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» ብሎ ሁለቱን ያሳስማቸዋል። ተበዳዩ በሰው ፊት እምቢ ማለት ስለማይችል ይስማል፣ ካሳው ይቀራል፣ ቂሙ መዞር ይጀምራል። ከ5 1 የተቀነሰው ለዚህ ነው። ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ደንብ ያለው ማኅበር ጥቂት ነው፤ ያላቸውም ጉዳዩን ለአካባቢው ሽማግሌዎች አስተላልፈው፣ ካሳው ተቆርጦ እስኪከፈል ሁለቱንም ከጽዋው ያቆያሉ። ከማኅበሩ ግን አያስወጧቸውም፤ ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይበላሉ፣ ጽዋው ብቻ ያልፋቸዋል።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

ሰንበቴ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚበላ የሚጠጣ ነው። ነዳያንንና የቆሎ ተማሪዎችን በመመገብ ከጽዋ ማኅበር ይበልጣል፤ በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ለተከፋፈለ ሕዝብ ግን ሁለት ድክመት አለበት። አባሉ ብዙ ነው፣ ሰው መርጦ ይቀመጣል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግራና ቀኙ አግዳሚ ማን ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የሰው ቤት ስላልሆነ የእንግድነት ይሉኝታ የለም። ቦታውን በዕጣ ማስቀመጥ የጀመረ ሰንበቴ ግማሽ ነጥብ ይጨመርለት።

ዕድር መሠረቱ ሃይማኖት ሳይሆን ቀብርና ሐዘን ነው። በኤፍራታና በቀወት በኩል ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በሚኖሩበት አካባቢ ማኅበር የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ዕድሩን አይተው፤ አንዱ ሌላውን አይተካውም።

የቴሌግራም ቡድን የማኅበር ስም ይዞ ሲመጣ ጥንቃቄ ያሻል። ባለተራን ማስታወስ፣ የንባቡን ክፍል መላክ፣ «እገሌ ታሟል» ማለት ይችላል፤ 1 ነጥብ ያገኘው ለዚህ ነው። የቀረው ጉዳቱ ነው። በአካል ጥሩ ሰው የሆነ ሽማግሌ ሌሊት በ6 ሰዓት የተላለፈለትን ድምፅ ሳይሰማ ወደ ቡድኑ ይወረውራል፤ መልሱን የሚያነበው ሰው ፊቱን አያየውም፣ ዳቦ አይቆርስለትም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በስልክ ብቻ የኖሩ ቡድኖች መገናኛቸውን አጡ፤ ቀናቸውን በቃል የሚያውቁት በቀናቸው ተገናኙ። ቡድኑ የግድ ከሆነ ጽሑፍ መላክ የሚችለው ሙሴው ብቻ ይሁን።

ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም?

ቋሚ መኖሪያ ላለው፣ በወር አንድ ከሰዓት መስጠት ለሚችል፣ በዓመት አንድ መጠነኛ ድግስ ለሚችል ሰው ይሆናል። በሥራ ምክንያት በየስድስት ወሩ ከተማ ለሚቀይር አይሆንም፤ ለእሱ በሄደበት ሰንበቴ ይሻላል። ሰው ሰብስቦ ሐሳቡን ለማስረዳት ለሚፈልግም አይሆንም። ገና በጥልቅ ሐዘን ላይ ያለ፣ የበዳዩን ስም የሚያውቅና በዳዩ በዚያው ማኅበር ያለ ሰው ደግሞ እርቁ እስኪያልቅ ሌላ ማኅበር ቢቀመጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም።

አዲስ ለሚመሠርቱ፦ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ቀዬ ብቻ 12 ሰው አይሰብስቡ፤ ሰፈሩን ይያዙ። ቀኑ ከደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ጋር የሚጋጭበትን ወር አስቀድመው ይዩ። የድግስ ልክ፣ የሳጥኑ ሦስት በር፣ የስም አጠራርና የሦስቱ ደረጃ እርቅ በአንድ ገጽ ተጽፎ በንስሐ አባቱ ፊት ይፈረም። ሙሴው በየዓመቱ ይቀየር።

ነባር ማኅበር ለሚገቡ፦ ከመመዝገብ በፊት ሁለት ወር በእንግድነት ይቀመጡ። በመጀመሪያው ካህኑ ከመድረሳቸው በፊት ሰው ምን እንደሚያወራ ይስሙ፣ በሁለተኛው ማን ከማን አጠገብ እንደማይቀመጥ ይዩ። ከዚያ ሙሴውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት የተጣሉ አባላት ነበሩ ወይ፣ እንዴትስ ታረቁ? የሳጥኑን መዝገብ ማየት ይቻላል ወይ? «እኛ ዘንድ ጠብ የለም» የሚል መልስ ከመጣ ይጠንቀቁ፤ መዝገቡን ከከለከሉዎት ሌላ ማኅበር ይፈልጉ።